የሥውር ቤተ መጻሕፍት አነሣሥና የምርምር ጽሑፍ ዋጋ

በ1982 ዓ.ም. አንድ የፈረንሳይ የቫይረስ ጥናት መጽሔት የጀርመን ተመራማሪዎች በላይቤሪያ ያካሄዱትን የደም ምርመራ ውጤት አትሞ አወጣ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተመራማሪዎቹ ከአገሪቱ ነዋሪዎች በተወሰደው ደም ውስጥ የኢቦላን በሽታ የሚያመለክት ምልክት ስላገኙ፣ ላይቤሪያ በሽታው ሊከሠትባቸው ከሚችሉት አገሮች መካከል እንድትቆጠርና የጤና ባለሙያዎችዋም ይህንኑ ዐውቀው እንዲጠባበቁ አሳስበው ነበር። ማሳሰቢያው ግን ከመጽሔቱ ገጽ ወጥቶ ለሚመለከታቸው አልደረሰም። ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ኢቦላ በላይቤሪያ ተነሥቶ ከ4,800 በላይ ሰዎችን ሲፈጅ፣ የአገሪቱ ሐኪሞችና የጤና ባለሥልጣኖች በሽታው ቀደም ሲል በምድራቸው ስለ መኖሩ የተጻፈውን አላነበቡትም ነበር። የላይቤሪያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከፍተኛ የሕክምና ኃላፊ የነበሩት በርኒስ ዳን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ2015 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እንዳስረዱት፣ እንዲህ ካሉት ጥናቶች አንዱን ከኢንተርኔት ለማውረድ የሚጠየቀው ዋጋ 45 ዶላር ሲሆን፣ ይህም የአንድ ላይቤሪያዊ ሐኪም የግማሽ ሳምንት ደመወዝ ያህል ነበር። ከጥናቶቹ አዘጋጆች መካከልም አንድ እንኳ ላይቤሪያዊ አልነበረም።

ለደረሰው ጥፋት ሁሉ ተጠያቂው የጽሑፉ ዋጋ ብቻ ነው ማለት ትክክል አይሆንም። የሐኪም ማነስ፣ የጤና ጣቢያ እጥረትና ከረዥም የእርስ በርስ ጦርነት የተረፈው ድህነት ከዋጋው ይበልጥ ይከብዳሉ። ይሁን እንጂ ነገሩ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ጸሐፊው የድካም ዋጋ ያልተቀበለበት፣ ብዙውን ጊዜም በሕዝብ ገንዘብ የሚካሄድ ምርምር ለማንበብ 45 ዶላር የሚያስከፍል ሸቀጥ የሆነው እንዴት ነው? ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በሕግም ከሕግ ውጭም የተነሡት የነጻ ንባብ እንቅስቃሴዎች በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው ለማለት ይቻላል።

መጽሔት ሸቀጥ የሆነበት ሁኔታ

የሳይንስ መጽሔት በአውሮጳ የተጀመረው በ1665 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ጥር ወር በፓሪስ፣ በመጋቢት ወር ደግሞ በለንደን የመጀመሪያዎቹ ሁለት መጽሔቶች ወጡ። የለንደኑ አዘጋጅ የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ጸሐፊ የነበረው ሔንሪ ኦልደንበርግ ሲሆን፣ ከሥራው ትርፍ ለማግኘት ተስፋ ቢያደርግም ያሰበውን ያህል አላገኘም። ከዚያ በኋላም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ እንዲህ ያሉትን መጽሔቶች ያሳትሙ የነበሩት የሊቃውንት ማኅበራት ወጪውን ከአባሎቻቸው መዋጮ እየሸፈኑ፣ መጽሔቱንም ለሌሎች ማኅበራትና ቤተ መጻሕፍት በስጦታና በልውውጥ እየላኩ ነበር። መጽሔት ማሳተም የማኅበሩ ግዴታ እንጂ የገቢ ምንጭ አልነበረም።

ሁኔታው ከመሠረቱ የተለወጠው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። መንግሥታት ለምርምር የሚመድቡት ገንዘብ በፍጥነት በማደጉ የተመራማሪውም የጽሑፉም ብዛት በየዓመቱ ይጨምር ጀመር፤ የቆዩት ማኅበራት ደግሞ ይህን ሁሉ ለማስተናገድ ዐቅም አልነበራቸውም። ይህን ክፍተት አስቀድመው ከተረዱት ነጋዴዎች ዋነኛው የቼኮስሎቫኪያ ተወላጅ የነበረው እንግሊዛዊ ሮበርት ማክስዌል ነበር። ማክስዌል በ1951 ዓ.ም. በእጁ ያስገባውን አነስተኛ የኅትመት ድርጅት ፐርጋሞን ፕሬስ ብሎ ሰየመው። ድርጅቱ በ1959 ዓ.ም. 40 መጽሔቶች የነበሩት ሲሆን፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ቁጥራቸው ወደ 150 ደረሰ። በ1991 ዓ.ም. ኤልሰቪየር ለተባለው የሆላንድ አሳታሚ ሲሸጥ ዋጋው 440 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር።

ማክስዌል የተረዳው ነገር ቀላል ነው። አንድ ነጋዴ የጨው ዋጋ ቢያስወድድ ገዢው ወደ ጎረቤቱ ሱቅ ይሄዳል። አንድ የምርምር ጽሑፍ ግን በሌላ ጽሑፍ አይተካም፤ አንድ አዲስ መጽሔት በመልካም ተመራማሪዎች ከተጻፈ ቤተ መጻሕፍቱ ከነበሩት በአንዱ ፈንታ ሳይሆን በነበሩት ላይ ጨምሮ ሊገዛው ይገደዳል። ዋጋውን የሚከፍለው ቤተ መጻሕፍቱ እንጂ አንባቢው ባለመሆኑም ተመራማሪው የመጽሔቱን ውድነት አያውቀውም። በዚህ ላይ ጸሐፊው ስለ ድካሙ አይከፈለውም፤ የጽሑፉን ትክክለኛነት የሚመረምሩት የሙያ ጓደኞቹም ያለ ክፍያ ይሠራሉ፤ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ደግሞ ጸሐፊው የቅጂ መብቱን ለአሳታሚው አሳልፎ የሚሰጥበትን ውል ይፈርማል። ገበሬው እህሉን በነጻ አስረክቦ፣ ጎረቤቶቹ በነጻ አበጥረውና ፈጭተው፣ በመጨረሻ ሁሉም ዱቄቱን በውድ ዋጋ መልሰው እንደሚገዙት ዐይነት ነው። በዚህ አሠራር ኤልሰቪየር በ2010 ዓ.ም. ከሳይንስና ከሕክምና ኅትመት ከ2 ቢሊዮን ፓውንድ ጥቂት ከፍ ያለ ገቢ አግኝቶ ከዚህ ውስጥ 724 ሚሊዮኑን፣ ማለትም 36 በመቶ ያህሉን፣ አትርፎአል።

አሳታሚዎቹ በበኩላቸው ጽሑፍ መምረጥ፣ ማረም፣ ማሰናዳትና ለዘመናት ጠብቆ ማቆየት ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ያስረዳሉ። ይህም እውነት ነው፤ ዳሩ ግን የትርፉን መጠን ለማስረዳት አይበቃም። በ2012 ዓ.ም. በሀብቱ በዓለም ቀዳሚ የሆነው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለመጽሔት በየዓመቱ የሚከፍለው ገንዘብ ወደ 3.75 ሚሊዮን ዶላር መድረሱን፣ ከመጽሔቶቹም አንዳንዶቹ በዓመት እስከ 40,000 ዶላር እንደሚያስከፍሉ ገልጾ፣ በዚህ ሁኔታ መቀጠል እንደማይቻል ለመምህራኑ አስታወቀ። ሃርቫርድ ይህን ካለ የሌሎቹ ሁኔታ ምን እንደሚመስል ለመገመት አያዳግትም። መጽሔት ከወረቀት ወደ ኢንተርኔት ሲዛወር ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። በወረቀት ዘመን ቤተ መጻሕፍቱ ክፍያ ቢያቋርጥ የገዛቸው ያለፉት ዓመታት ጥራዞች በመደርደሪያው ላይ ይቀሩለታል። በአዲሱ አሠራር ግን ብዙ ጊዜ የሚከፈለው የኪራይ ያህል በመሆኑ፣ ክፍያው ሲቋረጥ መደርደሪያውም አብሮ ባዶ ይሆናል።

ከካርቦን ወረቀት እስከ ኢንተርኔት

ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መጻሕፍትንና ጥናቶችን በኢንተርኔት አማካይነት በነጻ የሚያድሉ ስብስቦች ሥውር ቤተ መጻሕፍት ይባላሉ። የእነዚህ ዋነኞቹ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ምድር መፍለቃቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

በሶቪየት ኅብረት የሳንሱር ባለሥልጣን ያላለፈው ጽሑፍ በማተሚያ ቤት ሊታተም አይችልም ነበር። ስለዚህም አንባቢው ራሱ አሳታሚ ሆነ። አንድ ሰው በጽሕፈት መኪናው ላይ በርካታ ስስ ወረቀቶችን ከካርቦን ጋር ደራርቦ አንዱን መጽሐፍ ይገለብጣል፤ ቅጂውን የተቀበለውም እንዲሁ አድርጎ ለሌሎች ያስተላልፋል። የመጨረሻው ቅጂ ፊደሉ ደብዝዞ ለማንበብ የሚያስቸግር ቢሆንም እንኳ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር ነበር። ይህ አሠራር ሳሚዝዳት፣ ማለትም «በራስ መታተም»፣ የተባለው ኒኮላይ ግላዝኮቭ የተባለው ገጣሚ በ1940ዎቹ ዓመታት በራሱ ጥራዞች ላይ በቀልድ መልክ ከጻፈው ቃል ተነሥቶ ነው። ቅጂ ይዞ የተገኘ ሰው ከሥራው ሊባረር፣ ሊታሰርም ይችል ነበር።

የሳይንስ ጽሑፍ ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። ሶቪየት ኅብረት እስከ 1973 ዓ.ም. ድረስ የዓለም አቀፉን የቅጂ መብት ስምምነት ያልተቀበለች በመሆንዋ፣ የውጭ አገር የሳይንስ መጽሔቶችን መንግሥት ራሱ በብዛት እያባዛ ለምርምር ተቋማት ያድል ነበር። ስለዚህ የሶቪየት ተመራማሪ የልብ ወለድ መጽሐፍ ተደብቆ ሲገለብጥ፣ የውጭ ሳይንስ ደግሞ መንግሥት ገልብጦ ያቀርብለት ነበር፤ በሁለቱም በኩል የመገልበጥ ልማድ ከነውር አይቆጠርም። በ1991 ዓ.ም. ኅብረቱ ሲፈርስ ሳንሱሩም ድጎማውም አብረው ጠፉ። ተመራማሪው ማንኛውንም ነገር የማንበብ መብት ባገኘበት ቀን የሚያነብበትን ገንዘብ አጣ።

በዚህ ጊዜ ኢንተርኔት ደረሰ። በ1994 ዓ.ም. ማክሲም ሞሽኮቭ የተባለው የሞስኮ የኮምፒዩተር ባለሙያ አንባቢዎች ከወረቀት ላይ ቀድተው የሚልኩለትን መጻሕፍት በስሙ በተጠራው ቤተ መጻሕፍት ማኖር ጀመረ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሒሳብና በፊዚክስ ተመራማሪዎች ዘንድ የሳይንስ መጻሕፍትን በስካነር እያነሣ በዲቪዲ የሚያሠራጭ ቡድን ተነሣ፤ ስሙም የሶቪየትን የጋራ እርሻ በማስታወስ ኮልሖዝ ተባለ። ከነዚህና ከሌሎችም ስብስቦች በ2008 ዓ.ም. ገደማ ላይብረሪ ጄነሲስ የተባለው ትልቁ ሥውር ቤተ መጻሕፍት ተወለደ። ይህ ቤተ መጻሕፍት ከቀደሙት የሚለይበት ዋናው ነገር መጻሕፍቱን ብቻ ሳይሆን ዝርዝሩንና ማኅደሩን በሙሉ ለሚፈልግ ሁሉ እንዲገለበጥ አሳልፎ መስጠቱ ነው። የአሠራሩ ጥቅም ብዙ ሳይቆይ ታየ። በ2012 ዓ.ም. የካቲት ወር 17 አሳታሚዎች በሙኒክ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ 400,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ይገኙበት የነበረውን ላይብረሪ ዶት ኤንዩ የተባለውን ድረ ገጽ ሲያዘጉ ድረ ገጹ በዚያው ጠፋ፤ ቅጂው በየቦታው የተበተነውን ማኅደር ግን በአንድ ትእዛዝ ማጥፋት አልተቻለም።

መጻሕፍት ከተገኙ በኋላ የመጽሔት ጽሑፎች ቀሩ። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ወር አሌክሳንድራ ኤልባክያን የተባለች የ22 ዓመት ወጣት፣ የካዛኪስታን ከተማ የአልማቲ ተወላጅ፣ ሳይ-ሃብ የተባለውን ድረ ገጽ ከፈተች። ራስዋ ለጥናትዋ የሚያስፈልጋትን ጽሑፍ ለመግዛት ዐቅም ያልነበራት በመሆኑ ችግሩን ከልምድ ታውቀው ነበር። አሠራሩ ይህ ነው፦ አንባቢው የጽሑፉን መለያ ቁጥር ሲያስገባ፣ ድረ ገጹ ክፍያ የፈጸመ የአንድ ዩኒቨርሲቲን የይለፍ ቃል በመጠቀም ጽሑፉን ከአሳታሚው ያወርዳል፤ ለአንባቢው ይሰጣል፤ አንድ ቅጂም ለራሱ ያስቀራል። ሁለተኛው አንባቢ ሲጠይቅ ጽሑፉ ከማኅደሩ ይወጣለታል።

ኤልሰቪየር በ2015 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ፤ በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ወርም 15 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ተፈረደለት። ተከሳሽዋ በአሜሪካ ምድር ስላልነበረች ፍርዱ ድረ ገጹን ከሥራ አላገደውም። ሳይንስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ምርመራ መሠረት ከ2015 ዓ.ም. መስከረም ወር ጀምሮ በነበሩት ስድስት ወራት ብቻ 28 ሚሊዮን ጽሑፎች ወርደዋል። አንባቢዎቹ በኢራን፣ በሕንድና በቻይና በብዛት ቢገኙም፣ መጽሔቶቹን በሕጋዊ መንገድ ማግኘት በሚችሉ የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ከተሞችም ጥቂቶች አልነበሩም። በ2018 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በዚያን ጊዜ ከተመዘገቡት 81.6 ሚሊዮን ያህል የምርምር ጽሑፎች 68.9 በመቶው፣ ክፍያ ከሚጠይቁት መጽሔቶች ደግሞ 85.1 በመቶው፣ በሳይ-ሃብ ማኅደር እንደሚገኙ አረጋገጠ። ከ2020 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ግን ሦስት አሳታሚዎች በዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ባቀረቡት ክስ ምክንያት አዳዲስ ጽሑፎችን የመጨመሩ ሥራ በአብዛኛው ተቋረጠ።

በክርክሩ ሁሉ የሚመላለሰው ቃል «ስርቆት» የሚለው ነው። በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ላይ የሚጻፈው ግዝት መጽሐፉን የሰረቀውን ወይም ጽሕፈቱን የፋቀውን ያወግዛል እንጂ የገለበጠውን አያወግዝም። መጽሐፉን ያዋሰው ደብር በመገልበጡ የሚያጣው ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም ዋናው ቢቃጠል ቅጂው ይተርፋል። የአንድ ምርምር ጽሑፍ ጸሐፊም ቢሆን ጽሑፉ ተገልብጦ በመነበቡ ስሙ ይገንናል እንጂ የሚጎድልበት ገንዘብ የለም። የአንድ ልብ ወለድ ወይም የመማሪያ መጽሐፍ ደራሲ ሁኔታ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። እርሱ ከእያንዳንዱ ከሚሸጠው ቅጂ ድርሻውን ስለሚቀበል ሥውሩ ቤተ መጻሕፍት እንጀራውን ይነካበታል። ሥውር ቤተ መጻሕፍት ሁለቱን ሳይለዩ በአንድ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጣቸው ትልቁ ጉድለታቸው ነው። ለድኻ ተማሪ ተብሎ የተከማቸው ማኅደር ሌላ ተጠቃሚ እንዳገኘም በ2025 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። አንትሮፒክ የተባለው የአሜሪካ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ከላይብረሪ ጄነሲስና ከመሰል ስብስብ ስለ ወሰዳቸው መጻሕፍት ከደራሲዎች በቀረበበት ክስ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ይህም ለአንድ መጽሐፍ ወደ 3,000 ዶላር ያህል ይደርሳል።

በሕግ የተከፈተው በር

ከሥውሩ መንገድ ጎን ለጎን ሕጋዊ መንገድም ሲጠረግ ቆይቶአል። በ1991 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ፖል ጊንስፓርግ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ በአሜሪካ በሎስ አላሞስ የምርምር ማእከል የጀመረው ማኖሪያ፣ ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን መጽሔት ከማተሙ አስቀድሞ በነጻ የሚለዋወጡበት ሆነ፤ እስከ ዛሬም አርካይቭ በሚል ስም ይሠራል፤ ለብዙ ዓመታትም በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሥር ቆይቶአል። በ2001 ዓ.ም. መጨረሻ በቡዳፔስት የተሰበሰቡ ሰዎች በ2002 ዓ.ም. የካቲት 14 ቀን ባወጡት መግለጫ፣ ጸሐፊዎች ያለ ክፍያ የሚያበረክቱት የምርምር ጽሑፍ ለሰው ሁሉ ክፍት እንዲሆን ጠየቁ። ለዚህም ሁለት መንገዶችን አመለከቱ፦ ጸሐፊው ቅጂውን ራሱ በማኖሪያ እንዲያስቀምጥ፣ ወይም ከአንባቢ ክፍያ የማይጠይቁ መጽሔቶች እንዲቋቋሙ።

በዚያው ዓመት ጥር ወር የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት ታላላቅ አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ ሂናሪ የተባለውን ዕቅድ ጀመረ። በዚህም ኢትዮጵያን የመሳሰሉ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች የሕክምና መጽሔቶችን በነጻ እንዲያነቡ ተፈቀደ። የዕቅዱ ጥቅም የማይካድ ነው፤ ሆኖም ችሮታ እንጂ መብት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር አንዳንድ አሳታሚዎች በባንግላዴሽ ወደ 2,500 የሚጠጉ መጽሔቶችን በድንገት ከዕቅዱ አወጡ። ከዓለም አቀፍ ተቃውሞ በኋላ መጽሔቶቹ ቢመለሱም፣ በአንድ ደብዳቤ የተሰጠው በአንድ ደብዳቤ ሊነሣ እንደሚችል የአገሪቱ ሐኪሞች ተረዱ። በዚሁ ዓመት በአሜሪካ አሮን ስዋርትዝ የተባለ ወጣት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መስመር በኩል ጄስቶር ከተባለው ማኅደር ወደ 4.8 ሚሊዮን የሚጠጉ ጽሑፎችን አውርዶአል ተብሎ ተከሰሰ፤ ጉዳዩ ለፍርድ ሳይቀርብ በ2013 ዓ.ም. ጥር ወር በ26 ዓመቱ ራሱን አጠፋ።

ክፍት ንባብ ቀስ በቀስ የመንግሥታት መመሪያ እየሆነ ሲመጣ አሳታሚዎች መንገዳቸውን አስተካከሉ። ከአንባቢ የሚቀረውን ገቢ ከጸሐፊው መጠየቅ ጀመሩ። ታዋቂው ኔቸር መጽሔት በ2020 ዓ.ም. ኅዳር ወር አንድን ጽሑፍ ለአንባቢ ሁሉ ክፍት አድርጎ ለማሳተም 9,500 ዩሮ እንደሚያስከፍል አስታወቀ፤ ይህም በዚያን ጊዜ የአንድ ኢትዮጵያዊ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከሚያገኘው የዓመት ደመወዝ እጅግ የሚበልጥ ነበር። ለድኻ አገሮች ጸሐፊዎች ክፍያው የሚቀርበት ልማድ ቢኖርም፣ ለሁሉም መጽሔት የሚሠራ አይደለም፤ ፈቃዱም የአሳታሚው ነው። እንግዲህ ቀድሞ ከንባብ ውጭ የነበረው ተመራማሪ አሁን ማንበብ ተፈቅዶለት ከመጻፍ ውጭ ሊሆን ነው። በንባብ በኩል ሥውር ቤተ መጻሕፍት ረድተውት ነበር፤ በዚህኛው በር ግን ሊያስገቡት አይችሉም። አንድን ጽሑፍ መገልበጥ ይቻላል፤ በመጽሔት ላይ መታተምን መገልበጥ አይቻልም።

ከዚህ ችግር የተሻለ መውጫ ያሳዩት የላቲን አሜሪካ አገሮች ናቸው። ብራዚል በ1997 ዓ.ም. በሳኦ ፓውሎ ክፍለ ሀገር የምርምር ፈንድ ድጋፍ ሳይኤሎ የተባለውን ዕቅድ ጀመረች። ዕቅዱ የዩኒቨርሲቲዎችና የማኅበራት መጽሔቶችን በአንድ ማኅደር አሰባስቦ፣ በፖርቱጊዝና በስፓንኛም የተጻፉትን ጭምር፣ ወጪው በአብዛኛው በሕዝብ ገንዘብ እየተሸፈነ ለሰው ሁሉ ክፍት ያደርጋል። ኋላም ወደ ቺሊና ወደ ሌሎች አገሮች፣ ከዚያም እስከ ደቡብ አፍሪካ ተስፋፍቶአል። ሊስተዋል የሚገባው ነገር ብራዚል ይህን የጀመረችው ከቡዳፔስቱ መግለጫ በፊት መሆኑ ነው።

በኢትዮጵያም በ2019 ዓ.ም. መስከረም ወር በዚያን ጊዜ የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አወጣ። በፖሊሲው መሠረት በሕዝብ ገንዘብ የተካሄደ ምርምር ውጤት፣ የመመረቂያ ጥናቶችም ጭምር፣ በብሔራዊው የአካዳሚ ዲጂታል ማኖሪያ መቀመጥ ይኖርባቸዋል፤ የምርምር ዕቅድ ሲገመገምም ክፍትነቱ ከመመዘኛዎቹ አንዱ እንዲሆን ተደንግጎአል። በየዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በአቧራ ተሸፍነው ይቀመጡ የነበሩት የማስተርስና የዶክትሬት ጥናቶች ከሌላ ከተማ ለሚጠይቅ አንባቢ የሚደርሱበት መንገድ በዚህ ተከፈተ። የአገር ውስጥ መጽሔቶች ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። አንድ ጥናት በማኖሪያ ሲቀመጥ ይነበብ ይሆናል እንጂ፣ የሚመረምሩት የሙያ ባለቤቶች፣ የሚያርመው አዘጋጅና በየጊዜው ሳይቋረጥ የሚወጣበት በጀት ያስፈልጉታል። ብራዚል ለሳይኤሎ በየዓመቱ ስትከፍል የቆየችው ለዚሁ ሥራ ነው።